ድምፅ ያለው ላፕቶፕ ፍለጋ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ላፕቶፕ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ስለ ቀለሙና ስለ ቅጥነቱ ይጨነቅ፤ እኛ ዘንድ ቀትር ላይ ጠረጴዛው ራሱ ያቃጥላል። እኔ ግን ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ቆሜ የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነበር። «ከሦስቱ የትኛው ነው የሚጮኸው?» አልኩት ባለሱቁን። የተሳሳትኩ መስሎት «የማይጮኸው ማለትሽ ነው?» አለኝ። የማይጮኸውንማ ማንም ይፈልጋል። እኔ የፈለግሁት የማቀዝቀዣ ፋኑ ድምፅ የሚሰማውን ነበር፤ ግድግዳ አልፎ አልጋ ላይ የተኛች ሴት ጆሮ የሚደርሰውን።

ሴትዮዋ እናቴ ናት። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ፊት አትለይም። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ደግሞ ልቧ ታመመና ሐኪሙ «የሚያስደነግጥ ወሬ እንዳትሰማ፣ አደራ» ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ አሰናበተን። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ሞተ። ታላቄ ነው። እሱ ሠርግ ይቀርፃል፣ እኔ ኤዲት አደርጋለሁ፤ ሁለታችንም ከአንድ ላፕቶፕ ነበር እንጀራ የምንበላው። ወደ ወሎ ለሥራ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ገደል ገባ። ላፕቶፑን ከነቦርሳው አመጡልን፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ዕቃው ተርፎ ሰውየው ይሙት?

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አገሬው ሁሉ ያውቃል፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ቤቱ ሰው ከሞላ በኋላ። እንዴት እንደሚደበቅ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያውቅበታል። አጎቴ «ትንሽ ትጠንክርና እንነግራታለን» አሉና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ቀብሩም ለቅሶውም አባታችን የተቀበረበት ደብረ ሲና ሆነ። ድንኳኑ እዚያ ብርድ ላይ ተተከለ፤ የሰፈራችን ሰው ከቆላ እየተሳፈረ ወጥቶ፣ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ተመልሶ ወረደ። ያን ቀን ከእናቴ ጋር የቀረችው ዘመዳችን በኋላ እንደነገረችኝ እናቴ «ዛሬ ሰፈሩ ምነው ጭር አለ?» ብላ ጠይቃ ነበር። «ገበያ ወጥተው ነው» ተባለች። እሷም እሺ አለች።

ለእናቴ የነገርናት፣ ወንድሜ ወደ ደቡብ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር ፊልም ሊቀርፅ ሄዷል፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም ብለን ነው። አዲስ ላፕቶፕ ስለሰጡት አሮጌውን ለእኔ ልኮልኛል አልን። አልፎ አልፎ በሰው በኩል ሰላም ብሎሻል እንላታለን። እኔ ራሴ ሰላምታውን እየፈጠርኩ አቀርብላት ነበር፤ እሱ በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን ማር የመሰለ ሰላምታ። ከጥምቀት በኋላ ይነገራት አሉ፣ ጥምቀት አለፈ። ከጾሙ በኋላ አሉ፣ ፋሲካም አለፈ። አጎቴ ሲደውሉ ገና ድምፃቸውን ስሰማ ለሌላ ጊዜ ሊያስተላልፉት እንደሆነ ይገባኝ ጀመር።

ጎረቤቱ ሁሉ ጠበቀልን፤ እግዜር ይስጠው። አንድም ሰው አላፈተለከም። ስሙን በስህተት ያነሳ እንኳ የለም። እናቴን ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ በራችን ላይ ሲደርስ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ፊቱን አፍክቶ ነው የሚገባው። እኔ ደግሞ ጥቁር ልብሴን ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናቸው እትዬ ቤት አስቀመጥኩ። ከቤት ስወጣ ባለ አበባ ቀሚሴን ለብሼ እወጣለሁ፤ እሳቸው ቤት ጎራ እልና ከበር ጀርባ የተሰቀለውን ጥቁሬን ለብሼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ስመለስም እዚያው አውልቄ ነው የምገባው። «እናትሽ እኮ አታይም፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» ይሉኝ ነበር እትዬ። ቢሆንም እናቴን አላመንኳትም። የእናት ነገር አይታወቅም። የእትዬን የቆርቆሮ በር ብቻ አንድ ቀን ዘይት አድርጊለት ብዬ ለራሴ እየነገርኩ ሁልጊዜ እረሳዋለሁ፤ ሲከፈት ሰፈር ይሰማዋል።

አሮጌው ላፕቶፕ ከባድ ነበር። ከነቻርጀሩ ትከሻ ያጎብጣል። ወንድሜ አንድ ጊዜ አሊዩ አምባ ለሠርግ ሲሄድ በቅሎ ላይ ጭኖት፣ በቅሎዋ ቁልቁለቱ ላይ ደንብራ ጣለችው። መሥራቱን አልተወም፤ ፋኑ ግን ከዚያ ወዲህ አመል አወጣ። ሲነሳ መጀመሪያ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ከሩቅ እንደሚሰማ የእህል ወፍጮ ማጓራት ይጀምራል። ወንድሜ በመዳፉ ክዳኑን መታ ያደርገውና «በቃ፣ ሰምተንሃል» ይለው ነበር። የሚሠራው ከእናቴ መኝታ ጋር በሚዋሰነው ክፍል ስለሆነ ድምፁ በግድግዳው በኩል ይሰማታል። ማሽኑ ከእሱ ስለማይለይ ልጇ ቤት መኖሩን የምታውቀው በዚያ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩት ዕለት አይረሳኝም። የሰው ሠርግ ሳይጠናቀቅ በእጃችን ቀርቶ ሙሽሮቹ እየደወሉ ነበር። ቀትር ነው፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ የለም። ጠቅ፣ ጠቅ አለ። አረፈ። ማጓራት ሲጀምር ከግድግዳው ወዲያ እናቴ «መጣ?» አለች።

እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። «ማን?» አልኳት።

«ማሽኑ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ እንድከፍተው ትፈልግ ጀመር። «የእሱን ማሽን ስሰማ ልቤ ይረጋል» ትለኛለች። ሥራ ባይኖረኝም ከሰዓት በኋላ እከፍተውና ፋኑ እንዲነሳ ብዬ የአንድ የድሮ ሠርግ ኤክስፖርት፣ ማሽኑን የሚያደክመውን ቪዲዮ አጠናቅሮ የማውጣት ሥራ፣ አስጀምረዋለሁ። ወንበሩ ላይ ግን መቀመጥ አቃተኝ። እሱ የሚቀመጥበት ነዋ። ዱካ አምጥቼ ከጎን እየተቀመጥኩ፣ አንገቴን እያጣመምኩ ነበር የምሠራው። ኪቦርዱ ላይ የእሱ ጣት ያጠፋቸው ፊደሎች አሉ፤ ጣቴ እነሱ ላይ ሲያርፍ የሰው እጅ የነካሁ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ክዳኑን ዘግቼ ወጥቼ ስመለስ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻውን ያጓራል። ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፣ በደንብ ሳይጠፋ ቀርቶ ነው፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ሥራዬ ነው። የቀትር ጋኔን የሚባለውንም አላምንም። ግን በሩ ላይ ቆሜ ሳልገባ የቀረሁበት ቀን አለ። ፈራሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

እናቴ ደግሞ ታናግረዋለች። ድምፁ ከፍ ሲል «ኧረ ውሃ ጠጣ፣ ሙቀት ነው» ትላለች። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ወጥቼ ጓሮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለአጎቴ ስነግራቸው «አእምሮዋ ደክሟል፣ ተዪያት፣ እንዲያውም ይሻላል» አሉ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

አንድ ጊዜ ፋኑ ተበላሽቶ ጥገና ገባ። እናቴ ምግብ ተወች። አንድ ጉርሻ ቀምሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። መድኃኒቱን እንኳ ለምኜ ነበር የምሰጣት። ላፕቶፑ ተጠግኖ ሲመለስና ጠቅ ጠቅ ሲል በዚያው ሰዓት ሽሮ አምጪልኝ አለች። የጠገነው ሰው ግን «ቦርዱ እየተቃጠለ ነው፣ አይቆይልሽም» ብሎኛል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ በመድኃኒቱም፣ በእኔ የውሸት ሰላምታም አይደለም የቆመችው። ይህ ማሽን ዝም ያለ ቀን እሷም ዝም ልትል ነው።

ስለዚህ ሱቅ ሄድኩ። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ነበር፣ ሥራም ተደራርቧል። ባለሱቁ ሦስት ትናንሽ ላፕቶፖች ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጥቶልኝ ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። ለእኔ ሥራ ትንሽ መሆኑ ቅንጦት አይደለም። በዙሪያችን ወዳሉት የቀወት መንደሮች ባጃጅ የሚደርሰው እስከ መንገዱ ማለቂያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ካሜራ አለ፣ መቆሚያው አለ፣ ባትሪው አለ። ላፕቶፑ የሚቀልለው ግማሽ ኪሎ ዳገቱ ላይ ይታወቃል።

ሻጭ ስለ ክብደት የሚያወራውን አላምንም፤ ሁሉም ላባ ነው ይላል። ሦስቱንም ይዤ አጠገቡ ማንጎ የምትሸጠዋ ሴት ጋ ሄድኩና ሚዛኗ ላይ ጫንኳቸው። ሴትዮዋ «ይሄ ደግሞ በኪሎ ሆነ?» ብላ ሳቀች። የመጀመሪያው አንድ ኪሎ አልሞላም። በአንድ እጄ አንስቼ ባዶ ሰሃን የያዝኩ መሰለኝ። ሁለተኛው ከኪሎ ትንሽ ያልፋል። ሦስተኛው አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፣ ውፍረቱም የሁለት ጣት ያህል ነው፤ የካሜራ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ግን እንደምንም ይገባል። ስክሪናቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ብቻ ፀሐይ ላይ ደህና ይታያል።

ከዚያ ፍጥነታቸውን ፈተንኩ። አንድ ዓይነት የሠርግ ዘፈን፣ ሙሽሮቹ ከድንኳን ሲወጡ የሚጨፈረውን፣ ሦስቱም ላይ ጭኜ አንድ ላይ ኤክስፖርት አስጀመርኩ። በሩ ክፍት ነው፣ የዚያ ሰዓት ሙቀት ዝም ብሎ ይገባል። ቀላሉ ላፕቶፕ መጀመሪያ ላይ ጥሏቸው ሄደ፤ ሥራው ግማሽ ሲደርስ ግን ታችው እንደ ካውያ ጋለና ማዝገም ጀመረ። ፋን የሚባል የለውም። ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አያማርርም። ሁለተኛው በልኩ ሄደ፣ መጨረሻም እሱ ቀደመ። ፋኑ አለ፣ ግን ጆሮ ካላስጠጉት አይሰማም። ሦስተኛው ወፍራሙ ከሁለተኛው ብዙም አልራቀም፤ ገና ከመጀመሩ ፋኑ ተነሳና ባንኮኒውን ሞላው።

ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ኪቦርዱ ላይ አደረግሁ። ባለሱቁ «እህቴ፣ ላፕቶፕ ነው ወይስ ጄኔሬተር ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። አልሳቅሁለትም። ጠቅ ጠቁ የለውም። ማጓራቱም ቀጠን ይላል፣ ያፏጫል። ቢሆንም በግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ይወፍር ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውን ነበር የምፈልገው። እጄም ትከሻዬም እሱን ብለው ነበር። ቀላል፣ ፈጣን፣ ዝምተኛ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይዤው በሮጥኩ። በወንድሜ ተናደድኩበት ልበል? ሞቶም ዕቃ የሚመርጥልኝ መሰለኝ። ወፍራሙን ጠቅልልልኝ አልኩት።

ባጃጅ ይዤ ቤት ገባሁ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ እትዬ ቤት ጎራ ብዬ ጥቁሬን አወለቅሁ። ከዚያ አሮጌውን ከፍቼ ፋይሎቹን ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመርኩ። የእሱ ቀረፃ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ እሱ ራሱ ግን የትም የለም፣ ምን ጊዜም ከካሜራው ጀርባ ነበር። አልፎ አልፎ ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ «ወደዚህ ዙሩ» ሲል። አሮጌው ጠቅ፣ ጠቅ አለ፣ አጓራ። እናቴ ከወዲያ ጉሮሮዋን ጠረገች። መገልበጡ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ስክሪኑ ብልጭ አለና ጠፋ። ፋኑ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ዞረ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ ሰካሁ፣ ክዳኑን እንደ ወንድሜ በመዳፌ መታሁት። ምንም።

ከግድግዳው ወዲያም ምንም ድምፅ የለም። አዲሱን አስጠጋሁና ያለውን ከባድ ሥራ ሁሉ ጫንኩበት። ፋኑ ተነሳ። ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጌው ጠበቅሁ።

«ይሄ ሌላ ነው» አለች እናቴ።

«ምኑ?»

«ይሄ አዲስ ነው። ያኛው ዝም አለ?»

ተነስቼ ወደ ክፍሏ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ቀና ብላ፣ እግሯን መሬት አስነክታ ተቀምጣለች። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ ያን ሁሉ ወር እንደ ውሃ ሲወርድልኝ የነበረው ውሸት አንዱም አልመጣልኝም። «ዝም አለ፣ እማዬ» አልኳት።

«በቃ?»

«በቃ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ» አለች።

«ምኑን ልንገርሽ?»

«ልጄ፣ እኔ ያየሁትን አላየሽም። ሰው ይመጣል፣ እዚህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እንዴት ነሽ ይለኛል። ልጅቷስ፣ ሥራዋስ ይለኛል። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ይጠየቃሉ። የእሱን ደኅንነት የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ድሮ ደብረ ሲና ደርሶ ሲመለስ እንኳ ልጅሽ ገባ ወይ ብሎ ከበር የሚጣራ ሰፈር ነው፣ እንዲህ ርቆ ሄዶ እንዴት ማንም አይጠይቀኝም?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ሰው እንዳያፈተልክ ሲጠነቀቅ ስሙን ከሰላምታው አውጥቶት ነበር። እኔም ቁጭ ብዬ እየሰማሁ፣ እግዜር ይስጣቸው እያልኩ። «ታዲያ ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«እሱ ከግድግዳው ወዲያ እየሠራ እኔ ከወዲህ ለቅሶ ልቀመጥ? እንዴት አድርጌ? በየቀኑ ዛሬ ዝም ይል ይሆን እላለሁ። እሱ ደግሞ ይነሳል። ከተነሳማ ብዬ ውሃ ጠጣ እለዋለሁ።»

ሽማግሌ የለም፣ ማለዳ አይደለም፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ አጎቴም አልሰሙ። «ሞቷል፣ እማዬ» አልኳት። ይህን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከራሴ አፍ።

ራሷን ነቀነቀች። «የት ነው ያለው?»

«ደብረ ሲና። ከአባዬ ጎን።»

«ብርድ አይወድም ነበር» አለች።

ከአልጋው ወረደች። ልይዛት ስል እጄን ገፋ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ሐኪሙ ያለው ነገር ጆሮዬ ላይ እየጮኸ የእጇን አንጓ ያዝኩ፤ ልቧ ይመታል፣ ከእኔ ይልቅ የረጋ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ የሰጠሁትን ሥራ ጨርሶ ኖሮ ፋኑ በዚያች ቅጽበት ቆመ። ቤቱ ውስጥ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

«አሁን ሂጂና ጥቁርሽን አምጪው» አለችኝ።

«የምን ጥቁር?»

«እዚያ ቤት ያስቀመጥሽውን። ስትመለሺ ሁልጊዜ የእሷ በር ጮኾ ነው የእኔ በር የሚከፈተው። ስትወጪም እሷ ቤት፣ ስትገቢም እሷ ቤት። ለወንድምሽ ከሰው በር ጀርባ ቆመሽ አታልቅሺ። አምጪና እዚህ፣ እኔ ፊት ልበሺው።»

ወጣሁ። እትዬ ፊቴን አይተው ልብሱን ከሚስማሩ አውርደው ሰጡኝ፣ ነጠላቸውን አንስተውም ተከተሉኝ። ስንወጣ በራቸው እንደ ልማዱ ጮኸ። እናቴ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ የጀመረችው ያን ስትሰማ ነው።